መብራት ሄዶ ሲመጣ ቤቱ ለምን ይጠፋብኛል? ለአንዲት የደሴ ልጅ የተጻፈ መልስ

ጥያቄው፦ «እናቴ ደሴ ሆጤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እኔ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ቤት የምገባው ቅዳሜና እሁድ ነው። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሌሊት ስለሚመጣ፣ ከታችኛው በርሜል ወደ ላይኛው ሮቶ የሚገፋውን ፓምፕ፣ የግቢውን መብራትና አንድ ካሜራ በራስበሪ ፓይ 4 (መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር) ላይ በጫንኩት ሆም አሲስታንት፣ የቤት ዕቃን ከአንድ ቦታ በሚያዝ ፕሮግራም፣ አገናኘሁ። አራት ነገር አስቸግሮኛል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር በ192.168.1.7 የምከፍተው ገጽ አይከፈትም፣ ማብሪያዎቹም ግማሾቹ ኦፍላይን ይላሉ። ጓሮ ሲግናል አይደርስም ብዬ ሁለተኛ ራውተር ብሰካ ጭራሽ ባሰበት፤ የፓምፑ ማብሪያ በፋብሪካው አፕ ላይ ይታያል፣ ሆም አሲስታንት ግን አያገኘውም። ከኮምቦልቻ ሆኜ ለማየት ራውተሩ ላይ ፖርት፣ ማለትም ከውጭ መግቢያ በር፣ ከፈትኩ፣ አልሠራም። ፓምፑን ማታ 12 ሰዓት ተነስ ብለው ደግሞ ቀን በ6 ሰዓት ተነሳ። ሁሉንም ሪሴት አድርጌ ከዜሮ ልጀምር? ወይስ በየዕቃው ውስጥ ገብቼ ቋሚ አድራሻ ልጻፍ?»

አብሽሪ እህቴ። ከሁሉ በፊት አንድም ዕቃ ሪሴት እንዳታደርጊ። ሪሴት ካደረግሽ እያንዳንዱን ማብሪያ ከነስሙ ከነትእዛዙ እንደ አዲስ ስታስገቢ ቅዳሜሽም እሁድሽም ያልቃል፤ ሰኞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያው ችግር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል። ከአራቱ ችግሮችሽ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምንጫቸው አንድ ነው፤ በቤትሽ ኔትወርክ ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ የወሰነ ሰው የለም። ከኮምቦልቻ የማየቱን ነገር በመጨረሻ እመጣበታለሁ፤ የሰዓቱ ነገር ግን ለብቻው ስለሆነ እሱን አስቀድሜ ልገላግልሽ።

ሆም አሲስታንት ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ ከዚያ 24 ሰዓት ይቆጥራል። አንቺ 12:00 ብለሽ ስትጽፊ እሱ የሰማው ቀን 6 ሰዓት ብሎ ነው። ማታ 12 ሰዓት ለማለት 18:00 ይጻፋል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከጠዋት 1 እስከ ማታ 12 ባለው ላይ 6 ደምሪ፤ ከማታ 1 እስከ 5 ባለው ላይ 18 ደምሪ፤ ከሌሊት 6 እስከ ንጋት 12 ካለው ላይ ደግሞ 6 ቀንሺ። አትፈሪ፣ ያልተሸወደበት የለም። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንድ የፒያሳ ሱቅ ማስታወቂያ መብራት ማታ 1 ሰዓት እንዲበራ ብዬ 1:00 ጻፍኩና ሌሊት 7 ሰዓት በርቶ ባለቤቱን በዘበኛ አስቀስቅሻለሁ። ደግሞም ፓምፑ ልክ በ6 ሰዓት መነሳቱ አንድ መልካም ዜና ይነግረኛል፤ የሰዓት ቀጠናሽ «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» ላይ በትክክል ተቀምጧል ማለት ነው። ዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ የሆነው የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ፓምፑ የሚነሳው በ9 ሰዓት ነበር።

ለግቢው መብራት ደግሞ ሰዓት አትስጪው፤ «ፀሐይ ስትጠልቅ» የሚለውን ምረጪ። በመቼቱ ውስጥ የቤቱ ቦታ 11.13 ሰሜን፣ 39.63 ምሥራቅ ገደማ መሆኑን አረጋግጪ። ደሴ ላይ ፀሐይ በኅዳር 12 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ትጠልቃለች፤ በሐምሌ ግን ለ1 ሰዓት አሥር ደቂቃ ያህል እስኪቀረው ትቆያለች። ይኼ እንግዲህ መሬቱ ሜዳ ነው ብሎ ያሰበ ስሌት ነው። እኛ በምዕራብ በኩል ጦሳ ተጋርጦብናል፤ ፀሐይዋ ከስሌቱ ቀድማ ከተራራው ጀርባ ትገባለች። ስለዚህ ከመጥለቋ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ እንዲበራ አድርጊው፤ እናትሽ በድንግዝግዝ ደረጃ አይውረዱ።

አሁን ወደ ዋናው። መናኸሪያ ላይ ተራ አስከባሪ አለ አይደል? ራውተርሽ ውስጥም አንድ ተራ አስከባሪ አለ፣ ዲኤችሲፒ ይባላል። ዋይፋይ ላይ የገባ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ጋ ነው፤ እሱም ባዶ ቁጥር ፈልጎ «አንተ 5፣ አንተ 6፣ አንተ 7» እያለ በደብተሩ ይመዘግባል። ቁጥሩ የሚሰጠው ግን በውሰት ነው፣ ጊዜ አለው። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች ደግሞ ሲጠፉ ያ ደብተር አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ማብሪያዎቹ በጥቂት ሰከንድ ነቅተው ተራ ይይዛሉ፤ ካሜራው ይከተላል፤ ራስበሪ ፓይሽ ግን ሙሉ ኮምፒውተር ነውና ዓይኑን አሽቶ እስኪነሳ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት 7 ቁጥርን አንዱ ማብሪያ ይዞታል። አንቺ 192.168.1.7 ብለሽ ስትከፍቺ የምታንኳኪው የሳሎኑን መብራት በር ነው። ሆም አሲስታንትም ማብሪያዎቹን በድሮ ቁጥራቸው እየፈለገ «የሉም» ይላል። ሁሉም አሉ፤ ወንበር ተቀያይረው ነው።

መድኃኒቱ ተራ አስከባሪውን «ይኼ መኪና ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚቆመው» ብሎ ማዘዝ ነው። በራውተሩ ገጽ «ላን» (የቤት ውስጡ ኔትወርክ) ወይም «ዲኤችሲፒ» ከሚለው ክፍል ውስጥ ፈልጊ፤ በአንዱ ራውተር «አድሬስ ሪዘርቬሽን»፣ በሌላው «ስታቲክ ዲኤችሲፒ»፣ በሌላው «አይፒ ማክ ባይንዲንግ» ይባላል፣ ሥራው አንድ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ ማክ የሚባል የራሱ ታርጋ አለው፤ 12 ሆሄና ቁጥር ነው፣ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ታርጋውን ከምትፈልጊው ቁጥር ጋር አጣምረሽ ትመዘግቢያለሽ። ራውተሩ ይህን የሚያስቀምጠው በቋሚ ማኅደሩ ስለሆነ መብራት መቶ ጊዜ ቢሄድ አይረሳውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልባት አንዲት ጠጠር አለች። ራስበሪ ፓይ ሁለት ታርጋ አለው፣ አንዱ የዋይፋዩ፣ አንዱ የገመዱ። የዋይፋዩን ታርጋ መዝግበሽ ፓይውን በገመድ ከሰካሽው ምዝገባው ምንም አይሠራም፣ አንቺም «አድርጌው እምቢ አለ» ትያለሽ። ለነገሩ ፓይውን በገመድ ነው መሰካት ያለብሽ፤ የቤቱ አእምሮ በዋይፋይ መንጠልጠል የለበትም። ከራውተሩ አጠገብ አስቀምጪውና በአንድ ሜትር ገመድ አገናኚው። ከዚያ የምትመዘግቢው የገመዱን ታርጋ ብቻ ነው።

ቁጥር ከመስጠትሽ በፊት ግን የቤቱን ቀበሌ ራሱን ቀይሪ እልሻለሁ። 192.168.1 የሚለው መነሻ የብዙ ራውተሮች የፋብሪካ ምርጫ ነው፤ የመሥሪያ ቤትሽ ኔትወርክም እሱኑ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከኮምቦልቻ ሆነሽ በቪፒኤን፣ በኢንተርኔት ውስጥ በሚዘረጋ የግል መስመር፣ ወደ ቤት ስትገቢ ስልክሽ «192.168.1.31 የትኛው ነው፣ እዚህ ያለው ፕሪንተር ወይስ ደሴ ያለው ካሜራ?» ብሎ ይደናገራል፣ አብዛኛውን ጊዜም ቅርቡን ይመርጣል። አሁን ሁሉንም ስለምትነካኪ ራውተሩን 192.168.47.1 አድርጊው፤ 47 ምንም ምስጢር የለውም፣ ሰው የማይመርጠው ቁጥር መሆኑ ነው። ሲያልቅ ራውተሩ 1፣ ሁለተኛው ራውተር 2፣ ፓይው 10፣ ማብሪያዎቹ ከ21 ጀምሮ፣ ካሜራው 31 ይሁኑ። ለስልኮችና ለእንግዳ ተራ አስከባሪው እንደፈለገ የሚያድለው ከ100 እስከ 199 ያለውን ብቻ ይሁን። አንዳንድ ራውተር ግን የሚመዘገበው ቁጥር ከሚታደለው ክልል ውስጥ ካልሆነ አልቀበልም ይላል፤ የአንቺ እንዲህ ካለ ክልሉን ከ10 እስከ 199 አስፊው፣ ያው ነው።

የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል እስካልነካሽ ድረስ ማብሪያዎቹ ራሳቸው ተመልሰው ገብተው አዲሱን ቁጥር ይቀበላሉ። ሪሴት አያስፈልግም ያልኩሽ ለዚህ ነው። የቀረው ሥራ ሆም አሲስታንት ውስጥ በድሮ ቁጥር የተመዘገበ ዕቃ ካለ ገብቶ ማስተካከል ነው።

በየዕቃው ውስጥ ገብቼ ቋሚ አድራሻ ልጻፍ ወይ ላልሽው፦ አትጻፊ። ቁጥሩ በየዕቃው ሆድ ከተቀበረ፣ ነገ ራውተር ስትቀይሪ እያንዳንዱን መክፈት ሊኖርብሽ ነው። በአንድ ቦታ፣ ራውተሩ ላይ ብቻ ይመዝገብ። ፓይው ላይ ግን የግድ በእጅ እጽፋለሁ ካልሽ ሦስቱንም አሟልተሽ ጻፊ፦ አድራሻው 192.168.47.10 ከ24 ጋር (24 የኔትወርኩን ስፋት ይናገራል)፣ ጌትዌዩ ማለትም ወደ ውጭ መውጫው 192.168.47.1፣ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ዲኤንኤሱም 192.168.47.1። ዲኤንኤሱን ባዶ የተወ ሰው አጋጥሞኛል። መብራቶቹ በሚገባ ይበራሉ ይጠፋሉ፣ ማሻሻያ ግን አይወርድም፣ ሰዓቱም አይስተካከልም፣ ሰውየው ለወር ያህል «ኢንተርኔቱ ነው» እያለ ሲራገም ከረመ።

ወደ ሁለተኛው ራውተር እንምጣ። የገዛሽው ዕቃ ምንም አላጠፋም፤ አሰካኩ ነው። ራውተርን ከራውተር ኋላ በ«ዋን» (ኢንተርኔት በሚገባበት) ቀዳዳው ስትሰኪው ግቢሽ ውስጥ ሌላ አጥር አጥሮ የራሱን በር ይሠራል፣ የራሱን ተራ አስከባሪም ያቆማል። ከውስጠኛው አጥር ያለ ዕቃ ወደ ውጭ መውጣት ይችላል፤ ውጭ ያለ ግን ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። የፓምፑ ማብሪያ በፋብሪካው አፕ ላይ የሚታይሽ ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ጋር በራሱ ወጥቶ ስለሚነጋገር ነው። አጥሩ ማዶ ያለው ፓይሽ ግን ቢጣራ አይሰማውም። ዕቃዎች እርስ በርስ «ማን አለ?» የሚባባሉበት ጥሪ በባሕርዩ ራውተር አይሻገርም።

ይህን ራውተር ወደ ተራ አንቴና እናውርደው። ገጹ ላይ «አክሰስ ፖይንት ሞድ» የሚል ምርጫ ካለው እሱን ብቻ ነክተሽ ጨርሰሻል፣ ይህን አንቀጽ ዝለዪው። ከሌለው በእጅ ይሠራል፣ ቅደም ተከተሉን ግን አታዛቢ። መጀመሪያ ከዋናው ነቅለሽ ከላፕቶፕ ጋር ብቻ በገመድ አገናኚው። የራሱን የላን አድራሻ 192.168.47.2 አድርገሽ ሴቭ አድርጊ። ይጠፋና ይነሳል፤ አሁን በአዲሱ አድራሻ ክፈቺው። የዋይፋይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት አድርጊ። በመጨረሻ፣ ደግሜ እላለሁ በመጨረሻ፣ ዲኤችሲፒውን አጥፊ። እሱን ቀድመሽ ካጠፋሽ ላፕቶፕሽ ቁጥር የሚሰጠው አጥቶ ገጹ ይዘጋብሻል፣ ያኔ በጥርስ መፋቂያ ሪሴት ጉድጓዱን መውጋት ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ ከዋናው ራውተር የላን ቀዳዳ የሚመጣውን ገመድ በዚህኛውም የላን ቀዳዳ ሰኪው። የዋን ቀዳዳው ባዶ ይቅር፤ እንደውም በፕላስተር ሸፍኚው፣ ቤት ያለ ሰው አቧራ ሲጠርግ ነቅሎ እዚያ እንዳይመልሰው።

ስለ ዋይፋዩ ጥቂት። እንዲህ ያሉ ርካሽ ማብሪያዎች በአብዛኛው የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው፤ 5ን አያዩትም። አዲስ ማብሪያ ስታስገቢ እምቢ ካለ፣ ለዚያች አሥር ደቂቃ 5ቱን አጥፊው፣ ከገባ በኋላ መልሽው። ደኅንነቱን ደብልዩፒኤ 2 ላይ አድርጊ፤ 3 ብቻ ካልሽ የማይገቡ አሉ። ዋናውን ራውተር ቻነል 1፣ የጓሮውን 6 ወይም 11 ላይ አድርገሽ ስፋታቸውን 20 ሜጋኸርዝ ላይ አቁሚ፤ አውቶ ከተባለ መብራት በመጣ ቁጥር ቻነል ይቀያይራሉ፣ እርስ በርስም ይጯጯሃሉ። የዋይፋዩን ስም በአማርኛ ፊደል የጻፉ ደንበኞች አሉኝ፣ ደስ ይላል፣ ስልክም ያነበዋል። ግን የስሙ ጣሪያ 32 ባይት ነው፤ የእኛ አንድ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይይዛል። ከአሥር ፊደል በላይ አይገባም ማለት ነው፣ ብዙ ማብሪያዎችም ሲያዩት ይደነግጣሉ። ስሙን በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ያዢው።

ሲግናል ጓሮ አይደርስም ያልሽው ግን ቆም ብለን እንየው፣ የሮቶው ነገር ስላለ። አምና ሮቢት አካባቢ አንድ ቤት ተጠራሁ። የፓምፑ ማብሪያ ጠዋት ጠዋት ይጠፋል፣ ወደ ማታ ይመለሳል። ባለቤቱ ራውተር ቀየረ፣ ማብሪያ ቀየረ፣ ያው ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ላፕቶፕ ይዤ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። በመጨረሻ ነገሩን ያየሁት የቤቱ ልጅ ስትስቅ ነው። «ውሃ ካለቀ እኮ ይሠራል!» አለች። እውነቷን ነው። 2 ሺህ ሊትሩ ሮቶ በራውተሩና በማብሪያው መካከል ቆሟል። ሌሊት ውሃ መጥቶ ይሞላል፣ ጠዋት ሙሉ የውሃ ግድግዳ ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ባዶ ፕላስቲክ ያልፋል፤ ውሃ ግን ይውጠዋል። ቀን ልብስ ሲታጠብ፣ ምግብ ሲሠራ ውሃው ይወርዳል፣ ሲግናሉም ከላይ ሾልኮ ይገባል። ማብሪያውን ሁለት ሜትር ወደ ጎን አዞርነው፣ አለቀ። ስለዚህ ከራውተርሽ ወደ ፓምፑ በዓይንሽ መስመር ዘርጊ፤ ሮቶ፣ የቆርቆሮ አጥር ወይም የብረት በር ከገባበት መጀመሪያ ቦታ ቀይሪ፣ ብር ከማውጣትሽ በፊት። ማብሪያውን ከክረምቱ ዝናብና ጉም ለመከለል ሣጥን ስትገዢም የፕላስቲኩን ግዢ፤ የብረት ሣጥን ሲግናሉን አፍኖ ይይዘዋል። ሣጥኑ ላይ «አይፒ 65» የሚል ታያለሽ፣ ያ አይፒ ከኔትወርኩ አይፒ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። አቧራና ውሃ እንደማያስገባ የሚናገር ነው።

ፓምፑን ካነሳሁ አይቀር። ማብሪያው 10 አምፔር ቢልም ፓምፕን በቀጥታ አታሸክሚው፤ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባል፣ የማብሪያው እግር ቀልጦ ይጣበቃል። ከተጣበቀ ደግሞ ጠፋ ቢባልም አይጠፋም። ማብሪያው ኮንታክተር (ለሞተር የተሠራ ጠንካራ ማብሪያ) ያንሳ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን ያንሳ። በታችኛው በርሜልና በላይኛው ሮቶ ውስጥም በገመድ የሚሠራ ፍሎት፣ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ማብሪያ፣ ይግባ፣ በዋይፋይ የሚሠራ እንዳይሆን። ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያቆመው፣ ሮቶው ሲሞላም የሚያስቆመው ኔትወርክ የማያውቅ ደደብ ብረት መሆን አለበት። በማብሪያው መቼት ውስጥ «መብራት ሲመለስ» የሚለውን ደግሞ «ጠፍቶ ይቆይ» ላይ አድርጊ።

መብራት ሲሄድ ስለሚሆነው አንድ ነገር ልጨምር። ራስበሪ ፓይ 4 የራሱ ሰዓት የለውም። ሲነሳ ኢንተርኔት ላይ ሰዓት ጠይቆ ነው የሚያውቀው፤ ኢንተርኔት ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ ከመጥፋቱ በፊት ካስቀመጠው ሰዓት ይቀጥላል። መብራት ለ3 ሰዓት ሄዶ ቢመጣና መስመሩ ገና ከሆነ ፓይሽ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይሠራል፣ ፓምፑም በዚያው ልክ ይዘገያል። ዲኤስ 3231 የምትባል የሰዓት ቁራጭ ከነባትሪዋ ትሰካበታለች። ከዚያ የሚሻለኝ ግን ለራውተሩ ባለ 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ)፣ ለፓይውም 5 ቮልት 3 አምፔር በደንብ የሚችል ዩፒኤስ መግዛት ነው። አጭር የመብራት መቆራረጥ ጭራሽ አይሰማቸውም፤ ፓይውም በድንገት እየሞተ ሚሞሪ ካርዱን አያበላሽም። ማሻሻያ ስታደርጊ ከካርድ ወደ ኤስኤስዲ (ከካርድ የሚጠነክር ማስቀመጫ ዲስክ) ብታዞሪው ደግሞ እንቅልፍ ታገኛለሽ።

አሁን ከኮምቦልቻ ማየት። የራውተሩን ገጽ ክፈቺና «ዋን» በሚለው ክፍል ያለውን አድራሻ አንብቢ። በ10 ከጀመረ፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከወደቀ፣ የያዝሽው አድራሻ የግቢ ውስጥ ቁጥር ነው። ከውጭ ሰው ሊደውልበት አይችልም። የመጨረሻው ክልል እንደውም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተለየ ነው። በዓለም ያለው የድሮው አድራሻ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆነ አገልግሎት ሰጪዎች ብዙ ደንበኛን በአንድ አድራሻ ያስጠልላሉ። አንቺ ራውተርሽ ላይ ፖርት ብትከፍቺ የቤትሽን በር ከፈትሽ እንጂ የውጭው ትልቁ በር እንደተዘጋ ነው። ስለዚህ ስህተት አልሠራሽም፤ ቢሆንም የከፈትሽውን 8123 (የሆም አሲስታንትን ፖርት) አሁኑኑ ዝጊው። አድራሻው እውነተኛ ቢሆን ኖሮም አትክፈቺ ነበር የምልሽ፤ የእናትሽን ግቢ ካሜራ መንገድ ላይ ማስቀመጥ ነው።

የሚሠራው መንገድ ሁለቱም ወገን ወደ ውጭ ወጥቶ የሚገናኝበት ቪፒኤን ነው። እኔ ቴይልስኬልን እመርጣለሁ፤ ሥሩ ዋየርጋርድ የሚባል ቪፒኤን ነው፣ ለግል አጠቃቀም ነፃ ነው፣ ሆም አሲስታንት ውስጥም እንደ ተጨማሪ መተግበሪያ ይጫናል። የሆም አሲስታንት የራሱ የደመና አገልግሎትም ጥሩ ነው፣ ግን የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፣ ይኼን ላንቺ መንገር አይጠበቅብኝም። ቴይልስኬልን ፓይው ላይና ስልክሽ ላይ ጭነሽ በአንድ አካውንት ግቢ። ለፓይው በ100 የሚጀምር ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከላይ ከነገርኩሽ ክልል ነው፣ አትደንግጪ። ከዚያ በሆም አሲስታንት የስልክ አፕ ላይ ሁለት አድራሻ ጻፊ፦ የቤት ውስጡ 192.168.47.10:8123፣ የውጭው ያ በ100 የሚጀምረው ከነ8123። አፑ የቤትሽን ዋይፋይ ስም ሲያይ የመጀመሪያውን፣ ሐረጎን ስትወርጂ ሁለተኛውን ይጠቀማል። የዋይፋይ ስም ለማወቅ ግን ስልኩ «ሎኬሽን» እንዲፈቅድለት ይፈልጋል፤ እሱን የከለከለ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎም አፑ ሲንቀራፈፍበት ይውላል።

ካሜራውን ራውተሩ ላይ ኢንተርኔት ከልክይው፤ ከፓይው ጋር ብቻ ያውራ። ለእንግዳ ተብሎ በሚከፈተው ዋይፋይ ላይ ግን አታስገቢው፣ ያኛው ዕቃዎችን እርስ በርስ ስለሚለያይ ፓይውም አያየውም።

ቅዳሜ ስትመጪ የምትሠሪው ቅደም ተከተል፦ የራውተሩ መነሻ ቁጥር፣ ምዝገባው፣ ሁለተኛው ራውተር፣ ከዚያ ቴይልስኬል። ሲያልቅ ብሬከሩን አውርጂና አሥር ደቂቃ ጠብቂ፤ ዩፒኤሱንም ካለሽ ለዚህች ፈተና ንቀዪው። መልሰሽ ስታነሺ አምስት ደቂቃ ምንም አትንኪ፣ ቡና አስፈልተሽ ተቀመጪ። ከዚያ 192.168.47.10:8123 ክፈቺ። አንድ ማብሪያ ብቻ ከጎደለ ታርጋው ላይ አንድ ሆሄ አሳስተሽ ነው የጻፍሽው፤ 8 እና ቢ በዚያች ደቃቅ ወረቀት ላይ አይለዩም። ቁጥሮቹን ሁሉ በወረቀት ጽፈሽ በቆጣሪው ሣጥን ውስጥ ለጥፊ። ከፓምፑ አጠገብም አንድ ተራ የእጅ ማብሪያ አስገጥሚ፤ እናትሽ ሌሊት 9 ሰዓት ውሃ መጣ ብለው ሲነሱ ስልክ እስኪከፍቱ አይጠብቁ።